የፀሐይ ብርሃን በጤፍ ሲመዘን

በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ጨርቅ ደጅ ላይ ይነጠፍ። ፀሐይ ጨርቁን ታሞቀዋለች፤ እጃችንን ብናሳርፍበት ወዲያው እናውቀዋለን። ከማሞቅ ሌላ ግን ብርሃኑ ጨርቁን ይጫነዋል፣ ወደ መሬት ይገፋዋል። ይህ ግፊት ሲሰላ ከአንድ ፍሬ ጤፍ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ለመላው ካሬ ሜትር አንድ ፍሬ ብቻ።

ቁጥሩ እዚህ ግባ የማይባል ስለሚመስል ብዙ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል። በሌላ በኩል በብርሃን የምትገፋ መንኮራኩር ወደ ህዋ ተላከች የሚል ዜና ሲወጣ፣ አንባቢው ብርሃንን እንደ ብርቱ ነፋስ አድርጎ ይስለዋል። ሁለቱም ግምቶች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። የአንድ ኃይል ፋይዳ በመጠኑ ብቻ አይለካም፤ ፊት ለፊቱ ምን እንደቆመና ለምን ያህል ጊዜ ሳያቋርጥ እንደሚገፋ አብሮ መታየት አለበት። የፀሐይ ብርሃን ግፊት ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ የጠራው ነው። ዛሬ የስልካችን አቅጣጫ ጠቋሚ ትክክል የሚሆነውም፣ አንድ አስትሮይድ (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ትንሽ አለታማ አካል) ከ150 ዓመት በኋላ የት እንደሚገኝ የሚሰላውም፣ ይህችን የጤፍ ፍሬ ሂሳብ ውስጥ በማስገባት ነው።

ጤፍን ለመለኪያ የመረጥኩት በግራምና በኪሎ የለመደ ሰው ሚሊግራም ሲባል ምንም ስለማይታየው ነው። በግምት 3 ሺህ ፍሬ ጤፍ ተሰብስቦ አንድ ግራም ይሞላል። ስለዚህ አንዷ ፍሬ የሚሊግራም ሲሶ ያህል ትመዝናለች። እንደ ዝርያውና እንደ ምርቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለዚህ ሂሳብ ግን ይበቃናል።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በደብተሩ ሊሠራው ይችላል፣ ቢሠራውም እመኛለሁ። ከከባቢ አየር በላይ፣ ምድር ከፀሐይ ባለችበት ርቀት፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ 1361 ጁል ገደማ የብርሃን ጉልበት ያርፋል። ብርሃን ጉልበት ብቻ ይዞ አይጓዝም። የመግፋት አቅምም አለው፤ በፊዚክስ ሞመንተም የሚባለው ነው። የብርሃን ሞመንተም የሚገኘው ጉልበቱን ለብርሃን ፍጥነት በማካፈል ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 3 መቶ ሚሊዮን ሜትር ገደማ ነው። 1361ን ለ3 መቶ ሚሊዮን ስናካፍል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የኒውተን 4.5 ሚሊዮንኛ ይወጣል። ምድር ላይ 0.46 ሚሊግራም የሚመዝን ነገር ሚዛን ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይህን ያህል ነው፤ አንድ ተኩል ፍሬ ጤፍ ግድም።

ይህ ብርሃኑን ውጦ ለሚያስቀር ጥቁር ገጽ ነው። ብርሃኑን መልሶ የሚያንጸባርቅ መስታወት ከሆነ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ብርሃኑ መጥቶ ሲቆም አንድ ጊዜ ይገፋል፣ ወደ መጣበት ሲመለስ ደግሞ ሁለተኛ ይገፋል። መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ስለዚህ ሦስት ፍሬ ያህል ነው። መሬት ላይ ስንሆን አየሩ ከብርሃኑ የተወሰነውን ስለሚያስቀር በጠራ ቀትር በካሬ ሜትር 1000 ዋት ገደማ፣ ማለትም በየሰከንዱ 1000 ጁል፣ ይደርሰናል፤ የመጀመሪያዋ አንድ ፍሬ የመጣችው ከዚህ ነው።

አሁን ከምናውቃቸው ክብደቶች አጠገብ እናስቀምጠው። መቶ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የጠቆረ የቆርቆሮ ጣሪያ እንውሰድ። ቀትር ላይ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ስትወርድበት፣ የብርሃኑ ጫና በመላው ጣሪያ ላይ ተደምሮ መቶ ፍሬ ጤፍ ነው፤ በሁለት ጣት ቆንጥረን የምናነሳው። በዚያው ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ግን የውሃው ክብደት መቶ ኪሎ፣ አንድ ሙሉ ኩንታል ይሆናል። አየሩስ? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠለል ካለው ይሳሳል፤ እንዲያም ሆኖ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ7 ተኩል ቶን በላይ ጫና ያሳርፋል። የአየሩ ጫና ከብርሃኑ ከ20 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ከላይም ከታችም እኩል ስለሚጫነን አይሰማንም እንጂ። ብርሃኑ እንግዲህ በእንዲህ ዓይነቱ ግርግር መካከል የሚገኝ ኃይል ነው። ትንሽ የአየር እንቅስቃሴ፣ የአንዲት ዝንብ ማረፍ ያጠፋዋል።

ሙቀቱ ሲሰማን ግፊቱ የማይሰማን ለምን እንደሆነም ከዚያው ማካፈል እናገኘዋለን። ጉልበቱ በሺህ ጁል የሚቆጠር ነው፤ ሞመንተሙ ግን ያው ጉልበት ለ3 መቶ ሚሊዮን ተካፍሎ የቀረው ነው። ቆዳችን የመጀመሪያውን ያውቀዋል። ሁለተኛውን የሚያውቅ ሕዋስ የለንም።

ሌላ ጫፍ ይዘን እንየው። ምድር ራሷ ለፀሐይ የተሰጠች ሰፊ ገጽ ናት። በፀሐይ በኩል ያለው ክብ ስፋቷ በአንድ ተኩል ፍሬ ሂሳብ ሲባዛ ወደ 59 ሺህ ቶን ክብደት የሚጠጋ ግፊት ይወጣል፤ 6 መቶ ሺህ ኩንታል ጤፍ ገደማ። ለአንድ አፍታ ትልቅ ይመስላል። ፀሐይ ምድርን በስበት የምትይዝበት ኃይል ግን ከዚህ 60 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ምድር በብርሃኑ ግፊት ከመንገዷ አትነቃነቅም። ትልቅ አካል ላይ ስበት ያሸንፋል፣ እጅግ ትንሽ አካል ላይ ደግሞ ብርሃን ያሸንፋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ስበት የሚይዘው የአካሉን ቁስ በሙሉ ነው፣ ብርሃን የሚያገኘው ግን ገጹን ብቻ ነው። አካሉ እያነሰ በሄደ ቁጥር ከቁሱ አንጻር ገጹ ይሰፋል። ከሚሊ ሜትር ሺኛ ያነሰ ብናኝ ላይ ሲደረስ የብርሃኑ ግፊት ከፀሐይ ስበት ጋር ይፎካከራል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል።

ሰዎች የብርሃንን ግፊት መጀመሪያ ያዩት በዚህ ብናኝ ላይ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1619 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጅራታም ኮከቦች በየትኛውም አቅጣጫ ቢጓዙ ጅራታቸው ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ እንደሚዘረጋ ልብ ብሎ፣ የፀሐይ ጨረር ቁሳቸውን እየገፋ ያርቀዋል ብሎ ጻፈ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ እንደምናውቀው ጅራቱ ሁለት ነው። በአቧራ የተሠራውን ጎበጥ ያለውን ጅራት በአብዛኛው ብርሃኑ ይገፋዋል፤ ቀጥ ያለውን የጋዝ ጅራት ግን የፀሐይ ንፋስ የሚባለው፣ ከፀሐይ የሚፈልቅ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ብናኝ ጅረት ይጠርገዋል። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ዛሬም የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የፀሐይ ንፋስ ከብርሃን የተለየ ነገር ነው፤ ምድር አካባቢ የሚያሳርፈው ግፊትም ከብርሃኑ በሺዎች ጊዜ ያነሰ ነው። በብርሃን የምትገፋ መንኮራኩር ሸራዋ የሚነፋው በፀሐይ ንፋስ ነው ተብሎ ከተጻፈ ስህተት ነው።

ግምቱ ወደ ስሌት የተሸጋገረው በስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እጅ ነው። በ1873 ባሳተመው የኤሌክትሪክና የማግኔት ጥናት፣ ብርሃን ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ከሆነ ያረፈበትን ገጽ መግፋት እንዳለበት አሳየ፤ መጠኑንም አሰላ። በ1876 ጣሊያናዊው አዶልፎ ባርቶሊ ከሙቀት ሕጎች ብቻ ተነስቶ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። የቀረው መለካት ነበር፤ ይህ ደግሞ ሩብ ክፍለ ዘመን ፈጀ።

መለካቱ ያስቸገረበትን ምክንያት ከሁሉ በላይ የሚያስረዳን የእንግሊዛዊው ዊልያም ክሩክስ መሣሪያ ነው። አየሩ በተመጠጠለት የብርጭቆ አምፖል ውስጥ፣ በመርፌ ጫፍ ላይ የሚሽከረከሩ አራት ትንንሽ ክንፎች አሉ፤ የእያንዳንዱ አንድ ገጽ ጥቁር፣ ሌላው የሚያንጸባርቅ ነው። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ይሽከረከራል። መጀመሪያ ላይ የብርሃን ግፊት ተገኘ ተብሎ ነበር። ግን ልብ ብለን እንየው፤ ብርሃኑ ቢሆን የሚያሽከረክረው፣ እጥፍ ግፊት የሚደርስበት የሚያንጸባርቀው ገጽ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሸሸው እሱ መሆን ነበረበት። መሣሪያው ግን በተቃራኒው ይሽከረከራል፤ የሚሸሸው ጥቁሩ ነው። ምክንያቱ በአምፖሉ ውስጥ የቀረው ጥቂት አየር ነው። ጥቁሩ ገጽ ይበልጥ ስለሚሞቅ አጠገቡ ያለው አየር ይገፋዋል። ያች የተረፈች አየር ከብርሃኑ እጅግ በርትታ ተገኘች። ይህ መሣሪያ ዛሬም ለጌጥና ለትምህርት ይሸጣል፤ የብርሃን ግፊት ማሳያ ነው ተብሎ የሚሰጠው ማብራሪያም ከነስህተቱ አብሮት ይዞራል።

ፒዮትር ሌቤዴቭ በሞስኮ ይህን ወጥመድ ሰብሮ ወጣ። እጅግ ቀጫጭን የብረት ክንፎችን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ፣ በዘመኑ በተቻለ መጠን አየሩን መጥጦ፣ የክንፎቹ ሁለት ገጾች የሙቀት ልዩነት እንዳይኖራቸው ተጠንቅቆ ብርሃን ለቀቀባቸው፤ ክሩ ምን ያህል እንደተጠመዘዘም ለካ። ውጤቱን በ1900 ፓሪስ በተካሄደ የፊዚክስ ጉባኤ አቀረበ፣ በ1901 አሳተመ። በዚያው ጊዜ አሜሪካውያኑ ኧርነስት ኒኮልስና ጎርደን ሃል በዳርትመዝ ኮሌጅ ለብቻቸው ለኩት፤ በ1903 ያወጡት ውጤት ከማክስዌል ስሌት ጋር በጣም የተቀራረበ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርሃን ይገፋል ወይስ አይገፋም የሚለው ጥያቄ ተዘጋ።

ተቃዋሚ የሌለበት ስፍራ

ምድር ላይ የብርሃኑ ግፊት በአየር፣ በሰበቃና በነፋስ ተውጦ ይቀራል። ከከባቢ አየር በላይ ስንወጣ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። ስበት አለ፤ ግን ስበት መንገዱ የታወቀ ኃይል ነው፣ ሳተላይቷን በምህዋሯ ያዞራታል እንጂ የብርሃኑን ግፊት አያጠፋውም። ስለዚህ ፍሬ ጤፏ የፀሐይ ብርሃን እስካለ ድረስ ሳታርፍ ትገፋለች።

ይህን በግልጽ ካሳዩት አንዷ አሜሪካ በነሐሴ 1960 ያመጠቀቻት ኤኮ 1 ነበረች። ወደ 30 ሜትር ስፋት ያላት፣ ከስስ ፕላስቲክ ተሠርታ አልሙኒየም የተቀባች ግዙፍ ፊኛ ናት፤ ሥራዋ የሬዲዮ ሞገድን አንጥሮ መመለስ ነበር። ክብደቷ ከአንድ ጎልማሳ ሰው ብዙም የሚርቅ አልነበረም። ያረፈባት የብርሃን ግፊት ሲሰላ አንድ ሺህ ፍሬ ጤፍ ግድም፣ የአንድ ግራም ሲሶ ነው። ይህች ሲሶ ግራም የኤኮ 1ን ምህዋር እየለጠጠች፣ ወደ ምድር የምትቀርብበትን ነጥብ በወራት ውስጥ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ዝቅ አደረገችው። ሰፊና ቀላል አካል ላይ ብርሃን ምን እንደሚሠራ የምህዋር አስሊዎች በዓይናቸው አዩት።

ከእኛ የዕለት ኑሮ ጋር የሚገናኘው ግን የጂፒኤስ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በስልኩ ታክሲ የሚጠራ ሰው፣ ቦሌ ለማረፍ የሚያንዣብብ አውሮፕላን፣ መሬት የሚለካ ባለሙያ፣ ሁሉም ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች በየቅጽበቱ የት እንዳሉ በትክክል በመታወቁ ይተማመናሉ። በዚያ ከፍታ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ከስበት ውጪ ያሉት ኃይሎች ሲደረደሩ በአንደኛነት የሚቀመጠው የፀሐይ ብርሃን ግፊት ነው። የእነዚህ ሳተላይቶች የፀሐይ ፓነሎች ሰፋፊ ናቸው። ብርሃኑ ከምህዋር ስሌቱ ቢዘነጋ፣ የሳተላይቷ የተሰላ ቦታ በአንድ ቀን ከመቶ ሜትር በላይ ይሳሳታል። ምህዋር የሚያሰሉ ተቋማት የእያንዳንዱን ሳተላይት ቅርጽ፣ የፓነሉን ዝንባሌ፣ የገጹን የማንጸባረቅ መጠን ሳይቀር በሞዴል የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያስመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ-1 በ6 መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትዞር ሁኔታው ለየት ይላል። እዚያ የሳሳ አየር ስላለ ሳተላይት ከብርሃኑም ከአየሩም ጋር ትጋፈጣለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ የኬፕለር ቴሌስኮፕ ነው። ናሳ በ2009 ያመጠቀው ይህ ቴሌስኮፕ ከሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ፕላኔቶችን ይፈልግ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ዓይኑን ከአንድ ቦታ ሳያነሳ ማየት አለበት። አቅጣጫውን ከሚይዙለት አራት ተሽከርካሪ ጎማዎች አንዱ በ2012፣ ሌላው በግንቦት 2013 ተበላሹ። ሦስት ጎማ ያስፈልጉት ነበር፣ የቀሩት ሁለት ናቸው። የብርሃኑ ግፊት ደግሞ ቴሌስኮፑን ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ እስከዚያ ድረስ ጎማዎቹ የሚታገሉት ጠላት ይህ ነበር። መሐንዲሶቹ ያገኙት መላ ጠላቱን ሠራተኛ ማድረግ ሆነ። የቴሌስኮፑን ጎን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ብርሃኑ በመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ እኩል እንዲያርፍ አስተካከሉት። ግፊቱ በሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን የሚያዞረው ነገር አይኖርም፤ ብርሃኑ የሦስተኛውን ጎማ ሥራ ሠራ። መጠኑን እናስላው ካልን፣ ለፀሐይ የቀረበው ጎን 12 ካሬ ሜትር ግድም ነው፤ ከ17 እስከ 33 ፍሬ ጤፍ ገደማ አንድ ቶን የሚመዝን መሣሪያ አረጋጋ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከ2014 እስከ ጥቅምት 2018 ሠርቶ ከ300 በላይ ተጨማሪ ፕላኔቶች እንዲረጋገጡ አድርጓል። የጅራታም ኮከብን ጅራት አይቶ ብርሃን ይገፋል ያለው ሰው ስሙ የተሰጠው መሣሪያ፣ ከ4 መቶ ዓመት በኋላ በዚያው ግፊት ዳነ።

በ2021 በአውሮፓውያን የገና ዕለት የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም ከዚህ ኃይል ጋር ይኖራል። 21 በ14 ሜትር ገደማ የሆነው የፀሐይ መከላከያው ሳይፈልግ ሸራ ሆኗል። የሚያርፍበት ግፊት ከ3 መቶ ሚሊግራም ክብደት አያልፍም፤ ነገር ግን ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ቴሌስኮፑን ያዞረዋል። ስለዚህ ከመከላከያው ጫፍ ላይ ግፊቱን የሚያመዛዝን ትንሽ ተጨማሪ ክንፍ ተገጥሞለታል። ክንፏ ባትኖር ያንን መዞር ለማረም ብዙ ነዳጅ ይቃጠል ነበር፤ ነዳጁ ደግሞ የቴሌስኮፑ ዕድሜ ነው። በዚሁ ብልሃት ሜሴንጀር የተባለችው መንኮራኩር ወደ ሜርኩሪ ስትጓዝ ፓነሎቿን እያዘነበለች መንገዷን በብርሃን አስተካክላለች። ሜርኩሪ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ብርሃኑ እዚያ በአማካይ ከ6 ጊዜ በላይ ይበረታል።

ሸራው ምን ያህል ቀላል መሆን አለበት?

ብርሃን አቅጣጫ ለማስተካከል ብቻ ሳይሆን ለመጓዝም ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። በተግባር የታየው ግን በ2010 ነው። የጃፓን የህዋ ድርጅት ጃክሳ ኢካሮስ የተባለችውን መንኮራኩር ወደ ቬነስ አቅጣጫ ላከ። ሸራዋ 14 በ14 ሜትር ነው፣ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር 7.5 ሺኛ ብቻ። በብርሃን የተገፋችበት ኃይል በተግባር ተለካ፤ 1.12 ሚሊኒውተን። ወደ ክብደት ሲመለስ 114 ሚሊግራም ነው፣ 340 ፍሬ ጤፍ ግድም። መንኮራኩሯ 310 ኪሎ ትመዝን ነበር። 310 ኪሎን በ340 ፍሬ መግፋት ሲባል ሰው ላይስማማ ይችላል። ሂሳቡ ግን እንዲህ ይላል፤ ግፊቱ በዚያው መጠን ቢቀጥል ፍጥነቷ በየቀኑ በሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፣ በዓመቱ በሰከንድ ከ110 ሜትር በላይ፣ በሰዓት 4 መቶ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ጠብታ ነዳጅ ሳይቃጠል። ኢካሮስ በታኅሣሥ 2010 በቬነስ አጠገብ አለፈች። የሸራዋ ጠርዝ ላይ ያሉ ክፍሎች የማንጸባረቅ አቅማቸው በኤሌክትሪክ ስለሚለዋወጥ፣ አንዱ ጠርዝ እጥፍ ሌላው ነጠላ ግፊት እየተቀበለ አቅጣጫዋን ታዞር ነበር። ነጠላና እጥፍ ያልነውን ልዩነት እንደ መሪ ተጠቀሙበት።

ፕላኔታሪ ሶሳይቲ በተባለው የህዋ ምርምርን የሚደግፍ ማኅበር አባላት መዋጮ የተሠራችው ላይትሴል 2 በ2019 በምድር ምህዋር ሸራዋን ዘረጋች። 5 ኪሎ የምትመዝን፣ 32 ካሬ ሜትር ሸራ ያላት ናት፤ ግፊቷ ቢበዛ 90 ፍሬ ጤፍ። ምህዋሯን በብርሃን ለመለወጥ መቻሏን አሳየች። ሆኖም በ720 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሳሳ አየር ስለነበር ውሎ አድሮ አየሩ አሸነፋት፤ በኅዳር 2022 ወደ ከባቢ አየር ወርዳ ተቃጠለች። ናሳ በሚያዝያ 2024 ከኒው ዚላንድ ያስመጠቃት ኤሲኤስ3 ከፍ ብላ በ1000 ኪሎ ሜትር ግድም የተቀመጠችው ይህን አየር ለመሸሽ ነው። በነሐሴ 2024 80 ካሬ ሜትር ሸራዋን ዘረጋች። የዚህች ተልዕኮ ዋና ጉዳይ የሸራው መወጠሪያ ዘንጎች ናቸው፤ ከካርቦን ቃጫ የተሠሩ፣ ተጠቅልለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ የሚገቡ። ከዘንጎቹ አንዱ ትንሽ መጉበጡ ታይቷል።

ለምን ዘንግ? ለምን ስለ ቀላልነት ይህን ያህል ይጨነቃሉ? መልሱ አንድ ቁጥር ውስጥ አለ፤ በእኔ ግምት ስለ ፀሐይ ሸራ ዜና የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ቁጥር ነው። ፍጹም የሚያንጸባርቅ ሸራ፣ ከነጭነቱ በካሬ ሜትር 1.5 ግራም ብቻ ቢመዝን፣ የብርሃኑ ግፊት ከፀሐይ ስበት ጋር ይስተካከላል። ስበትም ብርሃንም በርቀት የሚቀንሱት በአንድ ዓይነት ሕግ ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር በሜርኩሪም በጁፒተርም ያው ነው። እንዲህ ያለ ሸራ ለፀሐይ ስበት አይገዛም፤ የፈለገበት ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል። አሁን ያሉትን እንመዝናቸው። የጽሕፈት ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው። ላይትሴል 2 ጠቅላላ ክብደቷ ለሸራዋ ስፋት ሲካፈል 150 ግራም ገደማ ይመጣል፤ ከወረቀት እጥፍ ይከብዳል፣ ከሚፈለገውም መቶ ጊዜ ይበልጣል። ኢካሮስ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ናት፤ አንድ ሺህ ጊዜ። ስለዚህ ዛሬ ያሉት ሸራዎች ገና ለጋ ናቸው። ብርሃኑ የሚሰጠው ግፊት አይጨምርም፤ የሚቀንሰው ክብደቱ ነው። በዚህ ዘርፍ የሚደረገው ምርምር ሁሉ፣ ዘንጉም ጨርቁም አጠቃለሉም፣ ግራሙን ለማውረድ የሚደረግ ትግል ነው።

ሌላው መንገድ ብርሃኑን ማብዛት ነው። በ2016 ይፋ የሆነው ብሬክስሩ ስታርሾት የተሰኘ ዕቅድ፣ ግራም የሚመዝኑ መንኮራኩሮችን በመሬት ላይ በሚተከል የ100 ጊጋዋት ሌዘር ገፍቶ ወደ ብርሃን ፍጥነት አንድ አምስተኛ ማድረስን ያሰበ ነበር። ያ ሁሉ ብርሃን ቢንጸባረቅ የሚሰጠው ግፊት የ68 ኪሎ ክብደት ነው፣ የአንድ ሰው ያህል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከ5 ጊጋዋት ጥቂት ከፍ ያለ ኃይል ለማመንጨት የተሠራ መሆኑን ስናስብ፣ 20 እንዲህ ያሉ ግድቦች በሙሉ አቅማቸው ተደምረው አንድ ሰው በክብደቱ የሚጫነውን ያህል ብርሃን መግፋት ይችላሉ ማለት ነው። ብርሃን ለመግፋት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስሌት አላውቅም። የፀሐይዋ ብርሃን የሚያጓጓውም ነፃ ስለሆነ ነው።

የምድር ጉዳይ

አስትሮይዶች ላይ ብርሃን በሌላ መንገድም ይሠራል። ፀሐይ ያሞቀችው የአስትሮይዱ ገጽ ሲሽከረከር ወደ ምሽቱ ወገን ይዞራል፤ እዚያም የያዘውን ሙቀት በማይታይ ጨረር መልሶ ይለቃል። ጨረሩም ብርሃን ነው፣ ሲወጣ የወጣበትን ይገፋል። ይህን በ1900 አካባቢ ያሰበው ኢቫን ያርኮቭስኪ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ በመለካት የተረጋገጠው ግን በ2003 ነው። ቤኑ የተባለው አስትሮይድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ከ70 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል። ይህ የሙቀት ግፊት በክብደት ሲተመን በግራሞች የሚቆጠር ነው። ሆኖም የቤኑን ምህዋር በየዓመቱ 284 ሜትር ወደ ፀሐይ ያቀርበዋል። ኦሳይረስ-ሬክስ የተባለችው መንኮራኩር አጠገቡ ሆና ባደረገችው መለካት የተሠራው ስሌት፣ ቤኑ በመስከረም 2182 ምድርን የመምታት ዕድሉ ከ2,700 አንድ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ግራሞች ሂሳቡ ውስጥ ባይገቡ ያ ቁጥር ትርጉም አይኖረውም ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲጠራቀም የቦታው ስህተት ቤኑ ምድርን በሚመታበትና በሚስትበት መካከል ያለውን ርቀት ይበልጣል።

ወደ 340 ሜትር ስፋት ያለው አፖፊስ የተባለ አስትሮይድ ደግሞ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ሚያዝያ 13 ቀን 2029፣ ከምድር ገጽ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ሰማዩ ከጠራ ያለ መሣሪያ፣ በዓይን ይታያል። አንድ ወቅት ምድርን ሊመታ ይችላል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ስጋቱ ለሚቀጥሉት መቶ ዓመታት የተወገደው በአውሮፓውያን 2021 በተደረገ የራዳር ምልከታና በዚሁ የሙቀት ግፊት መለካት ነው። አፖፊስ በሚያልፍባት ሌሊት የምድር ስበት የአፖፊስን ምህዋርና አሽከረካከር ይለውጠዋል። አሽከረካከሩ ሲለወጥ ሙቀቱ የሚወጣበት አቅጣጫ ይለወጣል፤ የብርሃኑ ግፊት እንደገና መለካት ይኖርበታል ማለት ነው። ከቤኑ ናሙና ይዛ በ2023 የተመለሰችው መንኮራኩር ስሟ ኦሳይረስ-አፔክስ ተብሎ፣ አፖፊስ ምድርን ካለፈ በኋላ አጠገቡ ደርሳ በቅርብ ሆና ልታጠናው ጉዞ ላይ ናት።